ክፍሉ አሰላ፣ ቁልፉ አምስተርዳም!

ደላላ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ቤት ስንከራይ ደላላ፣ ከብት ስንሸጥ ደላላ፣ ሠራተኛ ስንቀጥር ደላላ! አውቶቡስ ተራ ስንወርድ ሻንጣችንን ከእጃችን ነጥቆ ‹‹አልጋ ፈልገሃል? ንጹሕ አልጋ፣ ባለ ሻወር!›› እያለ የሚያዋክበንም ደላላ ነው። እንሰድበዋለን፣ እንራገመዋለን፣ ግን ፊቱን እናውቀዋለን። ዛሬ ቢያጭበረብረን ነገ እዚያው ቦታ ቆሞ እናገኘዋለን። እኔ ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግኩት ግን ስሙን እንጂ ፊቱን ስለማናውቀው፣ አውቶቡስ ተራ ሳይቆም የአሰላን አልጋ ለስቶክሆልምና ለኒውዮርክ ሰው ስለሚያሻሽጠው ደላላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ሆላንዳዊ ወጣት የአገሩን ሆቴሎች በኢንተርኔት ማስያዝ የሚያስችል ገጽ ከፈተ። ያ ገጽ ዛሬ ቡኪንግ ዶት ኮም የሚባለው ነው። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኤክስፔዲያን ጀመረ። በ2008 ደግሞ የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው የሳን ፍራንሲስኮ ወጣቶች ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ ከማከራየት ተነስተው ኤርቢኤንቢን አቋቋሙ። ሆላንዳዊውን ገጽ በ2005 ፕራይስላይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ133 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ርካሽ ነበር! ያ ኩባንያ በ2018 ስሙን ቡኪንግ ሆልዲንግስ ብሎ ለወጠ፤ በ2024 ብቻ ያስገባው ገቢ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ልብ በሉ! የሚሸጠው አልጋ የራሱ አይደለም። አንሶላ አያጥብም፣ ሽንት ቤት አያጸዳም፣ ዘበኛ አይቀጥርም። ያለው የእንግዳው ዓይን ነው። እንግዳው የት እንደሚያይ እሱ ይወስናል፤ የቀረው ይከተላል።

ታዲያ ይኼ ከአሰላ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እንዴት አያገናኘው!

አሰላን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ለማታውቋት፣ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነች። ናዝሬት፣ በዛሬ ስሟ አዳማ፣ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ፤ ዴራን፣ ኢተያንና የስንዴ ምርምር ማዕከሉን ቁሉምሳን አልፋችሁ ስትወጡ ጭላሎ ከ4,000 ሜትር ከፍታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያችኋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። 56 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ስትቀጥሉ በቆጂ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ አጥልቃ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ ሁሉም የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። በዓለም ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ወርቅ ያመጣችበት ቦታ ካለ ንገሩኝ።

አልጨረስኩም። መንገዱ ከበቆጂ ቀጥሎ በአሳሳ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ወደ ባሌ ተራሮች ይወስዳል። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአርሲ ተራሮችም፣ ጭላሎ፣ ጋላማ፣ ካካ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ያኖራሉ። በአሰላ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል አለ፤ የውጭ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ድሮም እንግዳ የለመደ አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ስዊድኖች የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትን (የዚያን ዘመን ሰው ‹‹ካዱ›› ይለዋል) አሰላ ላይ ሲያቋቁሙ ከተማዋ የፈረንጅ መኪና መቁጠር አቁማ ነበር። የስዊድን ሽማግሌዎች ዛሬም ወጣትነታቸውን ሊፈልጉ ይመጣሉ።

እንግዲህ ሯጩም፣ ሐኪሙም፣ ተራራ ወጪውም፣ ሽማግሌውም ከመምጣቱ በፊት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ስልኩን ያወጣና ‹‹አሰላ፣ ሆቴል›› ብሎ ይጽፋል። ምን ያገኛል? በመጀመሪያ ስሟን በየትኛው አጻጻፍ እንደጻፈ ይወሰናል። በላቲን ፊደል አንዱ ‹‹ሰ››ን ያጠብቃል፣ ሌላው ‹‹ለ››ን፣ ሦስተኛው ምንም አያጠብቅም። አንዱን ጽፎ ያላገኘ ሌላውን አይሞክርም። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወይም አዳማ ላይ ያድርና ለበቆጂ ደርሶ መልስ ያደርጋል። አሰላ ላይ ቡና ጠጥቶ ያልፋል። የከተማዋ ትንንሽ ፔንሲዮኖች አብዛኞቹ ከነአካቴው እዚያ ገበያ ውስጥ የሉም። የሉም ማለት ለውጭው ሰው አልተወለዱም ማለት ነው።

አሁን ወደ ገደለው ልግባ። ባለፈው ጊዜ አሰላ ሄጄ ያደርኩባት ፔንሲዮን አለች። 14 አልጋ ናት። ባለቤቷ ሰባ ዓመት የተጠጉ ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ማንም እንዲጠይቃቸው አልፈልግም። ጀርመን አገር ያለ የወንድማቸው ልጅ ለእረፍት መጥቶ ሳለ ቤቱን ፎቶ አንስቶ ከእነዚህ ገጾች በአንዱ ላይ አስመዘገበላቸው። ለምዝገባው ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። ቅጹ ‹‹የመዋኛ ገንዳ አለ? ባሕር ዳርቻው በእግር ስንት ደቂቃ ነው?›› እያለ ይጠይቃል አሉ። ጄኔሬተር አለ ወይ፣ ውሃ በጠፋ ቀን በበርሜል የተጠራቀመ አለ ወይ፣ ሻወሩ ባይሠራ የሞቀ ውሃ በባልዲ ይመጣል ወይ የሚል ግን የለውም። የአርሲን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ግን ከገንዳው ይልቅ ባልዲው ነው ቁም ነገሩ! ‹‹የመንገዱ ስምና የቤት ቁጥር›› የሚል ቦታም አለ። ምን ይጻፍ? ‹‹ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ›› ተብሎ አይጻፍም። ልጁ ካርታው ላይ በጣቱ ሲጠቁም ምልክቷ ትንሽ ተንሸራትታ የሰው ስንዴ ማሳ ውስጥ አረፈች። እስካሁን እዚያው ናት።

ጉግል የንግድ ቤታችሁን ካርታ ላይ ለማጽደቅ ለረጅም ዘመን ያደርግ የነበረው በፖስታ ካርድ የምስጢር ቁጥር መላክ ነበር። ፖስተኛ በር አንኳኩቶ ደብዳቤ በሚያድልበት አገር መልካም ነው። ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይዘን ራሳችን ሄደን በምናወጣበት አገር ግን ካርዱ የት ይሄዳል? ዓለም ያበጀው በር ሁሉ የተለካው በሌላ ሰው ቁመት ነው። ይኼን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ሚኒስቴሩም ከተማ አስተዳደሩም ስለ ‹‹ዲጂታል›› ሲያወሩ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የሚባለውን ተራ ነገር ስለሚረሱት ነው።

ይሁንና እንግዳ መጣ! መጀመሪያ ሁለት የፈረንሳይ ብስክሌተኞች፣ ቀጥሎ አንድ አሠልጣኝ፣ ቀጥሎ ባልና ሚስት። ሴትዮዋ ደስ አላቸው። ወሩ ሲያልቅ ግን ሒሳብ መጣ።

እዚህ ላይ አሠራሩን ላስረዳ። በእነዚህ ገጾች ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ፣ በተለይም እኛ ዘንድ፣ እንግዳው ገንዘቡን ለሆቴሉ በእጁ ይከፍላል፤ ገጹ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ኮሚሽኑን አስልቶ ለሆቴሉ ይልካል። ኮሚሽኑ እንደ አገሩና እንደ ውሉ ቢለያይም 15 በመቶ የተለመደ ነው። ክፍሉ 25 ዶላር ከሆነ ለእያንዳንዱ አዳር 3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ማለት ነው። ቤት ለሚያሻሽጥ ሠፈርተኛ ደላላ 2 በመቶ ስንከፍል አይደል እንዴ የምንጮኸው! ተጨማሪ እሴት ታክስ ለተመዘገበ ሆቴል ደግሞ 15 በመቶ ለመንግሥት፣ 15 በመቶ ለአምስተርዳም። ለአንሶላው አጣቢ የሚተርፈውን እናንተው አስሉት።

‹‹ልጄ›› አሉኝ ሴትዮዋ፣ ‹‹እንግዳው ከእኔ ቤት ያድራል። ቁርሱን እኔ አበላዋለሁ፣ አንሶላውን እኔ አጥባለሁ፣ ሌሊት ቢያመው ሐኪም ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። እሱ ማዶ ያለው ሰውዬ ምን አደረገልኝ?››

እንግዳውን እሱ አመጣልዎ አልኳቸው። እውነቴን ነው። በ14 አልጋ ስቶክሆልም ላይ ማስታወቂያ ማስነገር አይቻልም። ያ ደላላ ባይኖር ያ ፈረንሳዊ ብስክሌተኛ የእሳቸውን ቤት በሕልሙም አያየውም። ስለዚህ ኮሚሽን ለምን ይከፈላል የሚለው ጥያቄ የእኔ ጥያቄ አይደለም፤ ደላላ ያለ ድለላ አይኖርም። እሳቸው ቀጥለው የጠየቁኝ ግን መልስ አልነበረኝም።

‹‹እሺ ልላክለት። በምን ልላክለት?››

ወገኖቼ፣ ጥያቄው ይኼ ነው! ሒሳቡ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። እንግዳው ደግሞ የከፈለው በብር ነው። በየትኛው ምንዛሪ? በባንኩ? በዚያ ቀን? በደረሰበት ቀን ወይስ ባስያዘበት ቀን? ብስክሌተኞቹ አዲስ አበባ መንገድ ላይ በመነዘሩት ተመን ልክፈል ብለው፣ ሴትዮዋ በባንክ ተመን ብለው፣ ሁለቱም እውነት ይዘው ግማሽ ሰዓት ተከራክረዋል። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ሰሞን ዋጋውን በብር ጽፎ የረሳ ባለ ሆቴል ግማሹን ያህል ተመጸወተበት፤ በዶላር የጻፈው ደግሞ የአገሩን እንግዳ አባረረ።

ደንቡ ከዚያ ወዲህ ላልቷል ይሉናል። ባንኮች ለአገልግሎት ክፍያ ምንዛሪ መሸጥ ይችላሉ። በወረቀት ላይ! አሁን እናንተ ፍረዱኝ፦ የ14 አልጋ ባለቤት የሆኑ አንዲት ሴት ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ማስረጃ፣ ውል፣ ደረሰኝ ይዘው ባንክ ቤት ተሰልፈው 40 ዶላር የማይሞላ ገንዘብ ወደ ሆላንድ ላኩልኝ ሲሉ የሚያስተናግዳቸው ሠራተኛ ማን ነው? ውሉስ የታለ? ውሉ ልጁ ‹‹እስማማለሁ›› የምትለዋን ቁልፍ የተጫነባት የእንግሊዝኛ ገጽ ናት። ማኅተም የላትም። ማኅተም የሌለው ወረቀት ደግሞ በእኛ አገር ወረቀት አይደለም።

ካልተከፈለ ገጹ ቤቱን ከገበያ ያወጣዋል። ሕጉ ነው፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? የወንድማቸው ልጅ ጀርመን ሆኖ በካርዱ ይከፍልላቸዋል! አያችሁልኝ ጉዱን? መንግሥት በየኤምባሲው ዲያስፖራውን ‹‹ዶላራችሁን ላኩልን›› እያለ ሲለምን፣ አሰላ ያሉት ሴትዮ ደግሞ የዲያስፖራውን ዶላር እዚያው በዚያው ወደ አምስተርዳም ያስልኩታል። ቱሪስት ያመጣው ገንዘብ አገር ውስጥ በብር ይቀራል፤ የዘመድ ዩሮ ሳይገባ እዚያው ይቀራል። አንድ ፔንሲዮን ብትሆን ምንም አልነበረ። ዘመድ ውጭ አገር የሌለው ባለ ሆቴልስ? እሱማ ከገበያው ወጥቷል። ወይም አዲስ አበባ ያለ አስጎብኚ ድርጅት አልጋውን በጅምላ ይዞለት የፈለገውን ይጨምርበታል፤ ያ ደግሞ ከ15 በመቶ የባሰ ሊሆን ይችላል። ‹‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ›› ማለት ይኼ ነው።

ይህ እንዲህ እንዳለ ሌላ ጣጣ አለ። እነዚህ ገጾች የሚሠሩት በቀን መቁጠሪያ ነው። ዛሬ ማታ ሁሉንም ክፍል ለሠርገኛ ካከራያችሁ፣ ገጹ ላይ ገብታችሁ ‹‹ሞልቷል›› ካላላችሁ፣ ሌላ አገር ያለ ሰው ያስይዘዋል። መጥቶ ክፍል ካጣ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ሌላ ሆቴል የመፈለግና የዋጋውን ልዩነት የመሸፈን ዕዳ ይመጣባችኋል። ስለዚህ ኢንተርኔት ለባለ ሆቴሉ እንደ ቁልፍ ማንጠልጠያው ነው፤ ሁልጊዜ እጁ ላይ መኖር አለበት።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞንና ከሰኔ 15ቱ ግድያ በኋላ ተዘጋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ አገር ሙሉ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ጨለማ ሆነ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ፣ የጎንደርና የላሊበላ ሆቴሎች ማን እንዳስያዘባቸው እንኳ ማየት አልቻሉም። ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025›› የተባለው ሰነድ የጸደቀው ደግሞ መቼ ነው? በዚያው ሦስት ሳምንት በጨለምንበት በ2012 ዓ.ም.! በአንድ እጅ መብራት አብርቶ በሌላው ማጥፋት ይሏል ይኼን ነው።

አሰላ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በአንድ ቅዳሜ ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ፔንሲዮኗን ሠርገኛ ሞልቷታል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባልና ሚስት እንግዶች ወረቀት ይዘው ከች አሉ። ሴትዮዋ ምን ያድርጉ? የራሳቸውን መኝታ ቤት ለቀቁላቸው፤ እሳቸው ሳሎን ፍራሽ ላይ አደሩ። ጠዋት ጨጨብሳ በማር አበሏቸው። እንግዶቹ ተደስተው ሄዱ፤ በገጹም ላይ ጥሩ ጥሩ ቃል ጻፉላቸው። ነጥብ ሲሰጡ ግን ‹‹ኢንተርኔት›› በሚለው ላይ ዝቅተኛውን ሰጡ። ልክ ናቸው፣ አልነበረማ! ያ ዝቅተኛ ነጥብ ተደምሮና ተካፍሎ የቤቱን አጠቃላይ ነጥብ ጎተተው። ነጥቡ ሲወርድ ገጹ ቤቷን ወደ ታች አወረዳት። ወደ ታች የወረደ ደግሞ አይታይም። ኔትወርኩን ያጠፋው ሌላ፣ ከነጥባቸው የሚቀነስባቸው እሳቸው! ይህን ለማን ይግባኝ ይባላል?

የደላላውንም ጉድ ሳልናገር አላልፍም፤ ቅዱስ አድርጌ እንዳታዩብኝ። እነዚህ ገጾች ለብዙ ዓመታት ሆቴሎችን የሚያስፈርሙበት አንድ አንቀጽ ነበራቸው፦ ‹‹እኔ ላይ ካስቀመጥከው ዋጋ ባነሰ በራስህ ገጽ አትሽጥ›› የሚል። በራስህ ቤት፣ በራስህ አልጋ! የስፔን የውድድር ባለሥልጣን በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ቡኪንግ ዶት ኮምን በዚህና በመሰል አሠራሮቹ ከ413 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣው። ድርጅቱ ይግባኝ እላለሁ አለ። በዚያው ዓመት መስከረም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው የዋጋ ገደብ ለሥራው የግድ የሚያስፈልግ አይደለም ሲል በየነ። በአውሮፓ ገበያ አንቀጹ በአዲሱ ሕግ የተነሳ ተነስቷል። አሰላ ግን አውሮፓ አይደለችም። የእኛን ባለ ሆቴል ለምን ትገድበዋለህ ብሎ የሚጠይቅ የእኛ ባለሥልጣን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

ደግሞ የራሳችንም ገመና አለ። ለፈረንጅ አንድ ዋጋ፣ ለሐበሻ ሌላ ዋጋ የምንለው ነገር በገጹ ላይ እርቃኑን ይወጣል። እንግዳው በስልኩ 25 ዶላር ብሎ ከፍሎ፣ ከጎኑ ያለው ክፍል የግማሹን እንደከፈለ ቁርስ ላይ ሲሰማ የሚጽፈው አይጠፋውም። ፎቶውም እንደዚሁ ነው። ከሌላ ሆቴል የተቀዳ ፎቶ የሚለጥፉ አሉ፤ ባለ አራት ኮከብ ነኝ ብለው በራሳቸው ሥልጣን ኮከብ የሚሾሙም አሉ። መንግሥት ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ የአዲስ አበባ ሆቴሎችን ኮከብ መመደብ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ለትንንሾቹ የክልል ከተሞች ፔንሲዮኖች ግን ኮከቡ ሩቅ ነው። ኮከብ የሌለው ሰው እውነቱን ይጻፍ። ‹‹ውሃ ማታ ማታ ይጠፋል፣ በባልዲ ይሞቃል፣ ብርድ ልብሱ ሦስት ነው›› ብሎ የጻፈ ቤት እንግዳ አያጣም። ሯጭ ነው የሚመጣው፣ ንጉሥ አይደለም።

አንዳንዱ አንባቢ ‹‹ታዲያ የራሳችን ገጽ ለምን አይኖረንም?›› ይል ይሆናል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የሆነውን ግን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ናይጄሪያ ውስጥ ጆቫጎ የተባለ ገጽ ተቋቋመ፤ እዚህም ደረሰ። አፍሪካዊ ነኝ ብሎ ብዙ ሆቴሎችን መዘገበ። በ2016 ጁሚያ ትራቭል ተባለ። በ2019 መጨረሻ ላይ ጁሚያ አላዋጣኝም ብሎ ለትራቭልስታርት አስረከበው፤ አብሮት የኖረ ባለ ሆቴል እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ገጽ መክፈት ቀላል ነው፤ ገንዘቡን ከስቶክሆልም አሰላ የሚያደርሰው ቧንቧ ነው የጎደለው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ ሰው ብዙ ነገር አቅልሏል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህም ሳፋሪኮም ገብቶ ኔትወርኩ አማራጭ አግኝቷል። እሰየው ነው። የውጭው እንግዳ ግን ካርድ ነው የያዘው፤ ካርድ የሚያነብ መሣሪያ ያለው ፔንሲዮን አሰላ ላይ ፈልጉና ንገሩኝ። ካርድ ማንበብ ካልቻልክ ደግሞ አስይዞ የቀረን ሰው ምንም አታደርገውም። ቀረ ቀረ ነው። ይባስ ብሎ መቅረቱን በጊዜ ካላስታወቅህ ኮሚሽኑን ትከፍልበታለህ!

ስለ ጸጥታው ዝም ብል ሌላው ሁሉ ተረት ይሆንብኛል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ብጥብጥ የኃይሌ ሆቴሎች ሻሸመኔና ዝዋይ ላይ ተቃጠሉ። ለአርሲ ልጅ፣ ዓለም ለሚያውቀው ሰው ያልተመለሰ እሳት ለማን ይመለሳል? በኅዳር 2016 ዓ.ም. በአርሲ ሽርካ ወረዳ ሰላማዊ ሰዎች በእምነታቸው ተለይተው ተገደሉ፤ ከዚያም በኋላ ደም መፍሰሱ አልቆመም። የውጭ ኤምባሲዎች ይህን ጽፈው ለዜጎቻቸው ይበትናሉ። እንግዳው የአልጋውን ፎቶ ከማየቱ በፊት ያንን ያነባል። ሰው በመንገዱ በሰላም ሄዶ ካልተመለሰ ደላላው ከአምስተርዳም ቢወርድም አልጋው ባዶ ነው። ይህ የቱሪዝም ቢሮ ሥራ አይደለም፤ የመንግሥት የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ሟቾቹም እንግዶች ሳይሆኑ ባለ አገሮች ናቸው።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ለትንንሽ ሆቴሎች የኮሚሽን ክፍያ አንድ ቀላል መንገድ ያብጅ፤ አንድ ባንክ ከብዙ ፔንሲዮኖች በብር ሰብስቦ በአንድ ላይ በውጭ ምንዛሪ ቢከፍል ምን ይከብዳል? ለነዳጅና ለማዳበሪያ በሚሊዮን የሚከፍል አገር ለዚህ አያንስም። የቱሪዝም ሚኒስቴር ከእነዚህ ኩባንያዎች ጋር ይቀመጥ፦ ‹‹አገሬ ውስጥ ትነግዳላችሁ፤ አገሬ ውስጥ በብር የምትቀበሉበትን ሒሳብ ክፈቱ›› ይበላቸው። ኢንተርኔት የሚዘጋ ባለሥልጣንም ከዘጋው በፊርማው ይዝጋ፤ በስንት ሰዓት፣ በማን ትእዛዝ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ይጻፍ፤ የከሰረ ሰው የሚከሰው ስም ይኑረው። የአርሲ ዞን ቱሪዝም ቢሮ ደግሞ ከአዲስ አበባ መመሪያ ሳይጠብቅ በዚህ ወር የሚሠራው ሥራ አለው፤ የአሰላንና የበቆጂን ፔንሲዮኖች ስም፣ ስልክ፣ የአልጋ ብዛትና ትክክለኛ ቦታ በአንድ ገጽ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያውጣ። ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ በቀጥታ ይደውል። ባለ ሆቴሎችም እንግዳው ሲወጣ የስልክ ቁጥራቸውን በወረቀት ይስጡት፤ ደላላ የመጀመሪያውን ጉዞ እንጂ ሁለተኛውን ሊወስድ አይገባውም።

ሴትዮዋ ባለፈው ወር አሥር አዳር በገጹ በኩል ሸጠዋል። የመጣባቸው ሒሳብ 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ለወንድማቸው ልጅ ደውለውለታል። ‹‹አክስቴ፣ ደመወዝ እስክቀበል ታገሺኝ›› ብሏቸዋል።